ስኬጁል ነው ሼጁል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔ ዲሲ ነው የምኖረው እህቴ ለንደን ናት፣ በተደዋወልን ቁጥር ስኬጁል (schedule፣ የጊዜ ሰሌዳ) ስል ሼጁል በይ እያለች ታርመኛለች፣ ኦፍን (often፣ ብዙ ጊዜ) ስላትም ቲዋን (t) የት ጣልሻት ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ ስኬጁል ላይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሼጁል የቆየው የእንግሊዞቹ አጠራር ነው፣ የአሜሪካኖቹን ደግሞ አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖህ ዌብስተር በ1828 እ.ኤ.አ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ደግፎታል፣ አሁን እንግሊዝ አገርም ስኬጁል የሚል ወጣት ብዙ ነው። ኦፍን ላይ ቲዋ ድሮ ትጠራ ነበር ከዛ ጠፋች፣ በኋላ ሰዉ ማንበብ ሲለምድ ፊደሏን እያየ መለሳት፣ ስለዚህ ኦፍተንም ስህተት አይደለም። ግን እህትሽ ሊስን (listen፣ ማዳመጥ) ስትል ቲዋን ትጠራታለች እንዴ? እኔ ራሴ ኦፍን ነው የምለው።