አስፕሪኑ የጠበበውን ቧንቧ አያሰፋም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደ አባትሽ አንጀት ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ጠብበዋል ተብሏል፤ ሐኪሙ አስፕሪን አዝዞ ለስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ ለሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸው ግን «መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው፣ ሌላው ይቅርብኝ» አሉ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው።

በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እምብርቴ አካባቢ ይቆርጠኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል አሠቃይቶኝ ይለቀኛል። ቀስ በቀስ ምግብ መፍራት ጀመርኩ፤ በሰባት ወር 14 ኪሎ ቀነስኩ። ለረጅም ጊዜ የጨጓራ በሽታ ነው ተብዬ ታከምኩ። በኋላ የደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ስነሣ ለሆድ ዕቃ ደም ከሚያደርሱት ሦስት ዋና ቧንቧዎች ሁለቱ ክፉኛ ጠብበው ተገኙ።

ስቴንቱን ፈርቼ አስፕሪኑን ብቻ ይዤ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም፣ ሕመሙም አልቀነሰም። መድኃኒቱ አይሠራም ብዬ ተበሳጨሁ። ለካ እየሠራ ነበር፤ እኔ የጠበቅሁበት ግን ሥራው ያልሆነውን ነው። ቧንቧውን ያጠበበው ለዓመታት የተከማቸ ስብና ካልሲየም ነው፤ አስፕሪን ይህን አያሟሟም። አስፕሪን የሚይዘው ፕሌትሌቶችን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ ነው። የተከማቸው ነገር ሲሰነጠቅ ፕሌትሌቶች እዚያ ላይ ተጣብቀው ደም ያረጋሉ፤ የጠበበው ቧንቧ በድንገት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አስፕሪን ያገኘው ፕሌትሌት ዕድሜውን ሙሉ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደ ቀድሞው መጣበቅ ይሳነዋል። የቧንቧው በሽታ ልብንና አንጎልንም ስለማይምር ጥበቃው ለእነርሱም ይተርፋል። ስለዚህ አባትሽ መድኃኒቱን መውሰዳቸው ትክክል ነው፤ ስህተቱ የስቴንቱ ምትክ ማድረጋቸው ነው። እየከሱ የሚጠብቁት እያንዳንዱ ወር አቅማቸውን ይበላል።

ስቴንቱ ሲገባልኝ በአስፕሪኑ ላይ በቀን 75 ሚሊ ግራም ክሎፒዶግሬል፣ እሱም ፕሌትሌቶችን የሚይዝ ሌላ መድኃኒት፣ ተጨመረልኝ። ብረቱ ለሰውነት ባዕድ ነው፤ የቧንቧው ሽፋን እስኪለብሰው ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ላይ የታዘዙት ለሦስት ወር ነው፤ አንድ ወር የሚያዝዙም፣ ከዚያ የሚያረዝሙም አሉ። የሚያበቃበትን ቀን በወረቀት አስጽፊ። ከዚያ በኋላ አስፕሪኑ ብቻውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

በሁለተኛው ወር ጥርሴን ልነቀል ስሄድ ሁለቱንም መድኃኒቶች አቁም ተባልኩ፤ ለሦስት ቀን አቆምኩ። ስቴንቱን ያስገባው ሐኪም ሲሰማ ደነገጠ። እግዚአብሔር ጠበቀኝ እንጂ አደገኛ ነበር። ማንም አቁሙ ቢላቸው መጀመሪያ ለሐኪማቸው ይደውሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች ሊያመጡት የሚችሉትን ደም መፍሰስ ግን አትናቂ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ይታዩ። የጨጓራ ቁስለት ኖሯቸው ከነበረ አስቀድመሽ ተናገሪ። ለጨጓራ መከላከያ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ስለሚቀንስ ለእኔ በፓንቶፕራዞል ተተካልኝ። ለራስ ምታት ብለው አይቡፕሮፌን እንዳይለምዱ፤ የአስፕሪኑን ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል፣ ደም የመፍሰስ አደጋንም ይጨምራል። ሲጋራ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም።

ሕመሙ በድንገት ከፍቶ አልለቅ ካላቸው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ስቴንቱ በገባልኝ በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ ሰሃን በልቼ ሰዓቴን እያየሁ ሕመሙን ጠበቅሁት። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።