ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሞተሩ ዙር የሚወርደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው የምጽፈው። ሸዋ ሮቢት–ደብረ ብርሃን የምሠራባት የናፍጣ ሚኒባስ ቆማ ፍሪሲዮን ስረግጥ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ከሥር «ጓ» ይላል። ካምቢዮ ነው ተብሎ ወርዶ ታየ፤ ደህና ነው። የኋላው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ተቀይሮም ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካምቢዮውን ዳግም እንዳታስወርድ። እኔ የምጠረጥረው ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ የሚይዙትን ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሮንዴላዎች ነው፤ መለዋወጫ ቤት «ትረስት ዋሸር» ብለህ ጠይቅ። ክራንኩ ሲዋልል ኦይል ሲሉም አይበረክትም።

ሞተሩን አጥፋ። ረዳትህ ፍሪሲዮን ይርገጥ፣ አንተ የክራንኩን ፑሌጃ (ሞተሩ ፊት ያለውን የቺንጋ መዘውር) እይ። ፔዳሉ ሲለቀቅ ክራንኩ በራሱ ላይመለስ ስለሚችል በወፍራም ካቻቢቴ ቀስ አድርገህ ወደኋላ ግፋና ድጋሚ አስረግጥ። ፑሌጃው ወደፊት ሲወጣ በዓይንህ ከለየኸው ሮንዴላው አልቋል። ድምፅ ብቻ ኖሮ ፑሌጃው ካልተነቃነቀ ግን የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ጠርጥር። የክራንኩ የወደፊትና የወደኋላ እንቅስቃሴ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) ሲለካ ብዙ ሞተሮች ላይ ከ0.05 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፤ 0.30 ካለፈ ይቀየራል። የሞተርህ ማንዋል ሌላ ካለ እሱን ተከተል።

በብዙ ሞተሮች ክራንኩ ሳይወርድ ይቀየራል። የዘይት ገንዳው ይወርዳል፣ ሮንዴላ ያለበት የብሮንዚና ካፕ (ክራንኩን ከሥር የሚይዘው ክዳን) ይፈታል፣ የላይኛው ግማሽ በክራንኩ ዙሪያ ተገፍቶ ይወጣል። ፍሪሲዮን ክራንኩን ወደፊት ስለሚገፋ ይበልጥ ተበልቶ የምታገኘው በኋላ በኩል ያለውን ነው። አዲሱን ዘይት ቀብተህ፣ የዘይት ቦይ ያለበትን ጎን ክራንኩ ወደሚነካው በኩል አዙረህ ግጠም። ተገልብጦ ከገባ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ካፑን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቀህ ድጋሚ ለካ። አሁንም ሰፊ ከሆነ ወፈር ያለ ሮንዴላ ይገኛል፤ ሮንዴላው የሚነካው የክራንኩ ገጽ ከተቧጠጠ ግን ክራንኩ ወርዶ በማሽን ካልተስተካከለ ገንዘብህን አታባክን።

ሮንዴላውን የበላውስ ምንድን ነው? የፍሪሲዮን ፔዳልህ ከላይ ትንሽ ባዶ መርገጫ ከሌለው ክራንኩ ቀኑን ሙሉ ተገፍቶ ነው የሚውለው። የጣርማበርን ቁልቁለት ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ፍሪሲዮን ረግጠው የሚወርዱም አሉ፤ የፍሬኑን ጉዳይ አሁን አላነሳም። ዳገት ላይም መኪናዋን በፍሪሲዮን አትያዛት፤ የእጅ ፍሬን አለህ። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ስታስነሳ ማርሹን ዜሮ አድርገህ፣ ፍሪሲዮኑን ሳትረግጥ አስነሳ፤ ዘይቱ ገና ሮንዴላዎቹ ጋ አልደረሰም።