አባቴ በአዳማ ሙቀት ጋቢ ለብሰው ይውላሉ

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ከአምስት ወር በፊት ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ድካሙ አልለቃቸውም፤ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ጡንቻቸውን ያማቸዋል፣ በዚህ በአዳማ ሙቀት ጋቢ ለብሰው ይውላሉ። በቅርቡ በተደረገ የደም ምርመራ የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ መቀነሱ ተነግሮን የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን በቀን 25 ማይክሮግራም ታዘዘላቸው። ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ ለውጥ ግን የለም። ይህንኑ መድኃኒት በቀን 100 የምትወስድ ጎረቤታችን «አንሷቸዋል፣ ጨምሩላቸው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ልብ ስለሚያስመታ ይቁም ይላል። የማንን እንስማ?

መልስ፦ ጎረቤትዎም ወንድምዎም የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይጠነክራሉ፤ ጉበትም ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከደም የማጽዳት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ አስቀድሞ የልባቸውን ደም ሥር ያጠበበው ነገር መልሶ የሚከማችበት መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ማቆም ልብን መጠበቅ አይደለም። በሌላ በኩል ሆርሞኑ በድንገት ከበዛ ልብ ይፈጥናል፣ የኦክስጅን ፍላጎቱም ይጨምራል፤ የጠበበ ደም ሥር ይህን ማድረስ ሲያቅተው የደረት ሕመም ወይም የምት መዛባት ይከተላል። ለልብ ሕመምተኛ በ12.5 ወይም በ25 ማይክሮግራም ተጀምሮ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ በጥቂቱ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። የጎረቤትዎ 100 ለጎረቤትዎ ተለክቶ የተሰጠ ነው።

ሦስት ሳምንትም ገና ነው። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ተረጋግቶ ቲኤስኤች የተባለው ምርመራ (ታይሮይዱ ሲያንስ ከፍ የሚለው፣ ዕጢውን የሚያዝዘው ሆርሞን ልኬት) እውነቱን የሚናገረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከቲኤስኤች ጋር ቲ4፣ ማለትም ዕጢው ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን፣ መለካቱን ይጠይቁ። ቲ4 ደህና ሆኖ ቲኤስኤች ብቻ በመጠኑ ከፍ ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ሃርት አታክ ካገኛቸው በኋላ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ሌቮታይሮክሲን ለ52 ሳምንታት ቢሰጥም የልብን የመርጨት አቅም እንዳላሻሻለ አሳይቷል። የአባትዎ ምልክቶች ግን ከዚያ የከበደ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራሉ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ዝርዝሩን በቃል መናገር አያስተማምንም። አቶርቫስታቲንና መሰሎቹ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የሚያስከትሉት የጡንቻ ሕመም ታይሮይዱ በቀነሰ ሰው ላይ ይብሳል። ልብ የሚያዘገዩት እነ አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎልም በራሳቸው ያደክማሉ፣ እጅና እግር ያቀዘቅዛሉ። ለምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ካለበት ደግሞ ጥርጣሬው ሌላ ነው፤ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ሲበቃው፣ አንዱ ባለ 200 ሚሊግራም እንክብል ውስጥ 75 ሚሊግራም ያህል ስለሚገኝ ዕጢውን ራሱ ሊያሰንፈው ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነም ታይሮይዱ ሲስተካከል ደም የማቅጠን ኃይሉ ስለሚጨምር የደም መርጋት ምርመራው መደጋገም አለበት።

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ የልብ ምት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

የሌቮታይሮክሲኑን እንክብል በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይውጡ። ቁርሱም ቡናውም ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። በማለዳ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ ከሁሉም የሚከብደው ትእዛዝ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንክብሉን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው እንደነቁ፣ ቡናው መቆላት ሳይጀምር ይስጧቸው።