ስለ ኤችኤስኤና ታክስ ለጠየቃችሁኝ

አሜሪካ የምትኖሩ የዘንድሮን ኢንሹራንስ ስትመርጡ ስለ ኤችኤስኤ፣ ማለትም ለሕክምና ስለሚጠራቀመው ሂሳብ፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ታክስ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ የቻልኩትን ልመልስ። ቁጥሮቹ የ2026 ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ታክስ የሚቀንሰው በምን በኩል ነው?
መልስ፦ የምታስገባው ገንዘብ የገቢ ታክስ አይቆረጥበትም። ሂሳቡ ውስጥ ቢያድግም፣ ለሕክምና ስታወጣውም እንደዚያው። ጣሪያው ለአንድ ሰው ኢንሹራንስ 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው። 55 የሞላው 1,000 ይጨምራል። አሠሪህ የሚያስገባልህም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ከደመወዜ ቢቆረጥ ይሻላል ወይስ ራሴ ላስገባ?
መልስ፦ ከደመወዝሽ! ራስሽ ስታስገቢ የሚቀርልሽ የገቢ ታክሱ ብቻ ነው። በፔሮል ሲያልፍ ግን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶም ይቀርልሻል። በ4,000 ዶላር ላይ 306 ዶላር ማለት ነው። ይሄን ትተው በራሳቸው የሚያስገቡ ሰዎች ይገርሙኛል። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ያላችሁ ግን የስቴት ታክስ ላይ ጥቅም አታገኙም።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። ኢንሹራንሴ የማርኬትፕሌስ፣ ማለትም መንግሥት ካቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ የገዛሁት፣ ነው። ኤችኤስኤ መክፈት እችላለሁ?
መልስ፦ ከዘንድሮ ጀምሮ የማርኬትፕሌስ ብሮንዝ ፕላን (ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ያለው ደረጃ) ያለው ሰው መክፈት ይችላል። የገቢ ታክስህ ይቀንሳል። የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱን፣ ማለትም ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን፣ ግን አይነካልህም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሥራዋ ኤፍኤስኤ፣ ማለትም በአሠሪ በኩል የሚያዝ ሌላ የሕክምና ወጪ ሂሳብ፣ አላት። ችግር አለው?
መልስ፦ አለው። ተራው ኤፍኤስኤ ላንተም ሕክምና ስለሚከፍል አንተ ማስገባት አትችልም። ለጥርስና ለዓይን ብቻ ከሆነ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ሕክምና መክፈል እችላለሁ?
መልስ፦ ይሄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ መልሱም ያሳዝናል። ሂሳቡ የሚከፍለው ላንተ፣ ለትዳር አጋርህና በታክስ ሕጉ ጥገኛህ ለሆኑት ነው። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው፣ እዚያው የሚኖሩ እናት ጥገኛ ሊባሉ አይችሉም። አንተ ራስህ ለእረፍት ሄደህ ጥርስህን ብታስሞላ ግን ይቻላል። ደረሰኝ ያዝ። ጥርስ ማስነጣት አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በዓመቱ ካልተጠቀምኩበት ይቃጠላል?
መልስ፦ አይቃጠልም። ሥራ ብትለቂም ያንቺው ነው።

ጥያቄ፦ ለሌላ ነገር ባወጣውስ?
መልስ፦ ከ65 ዓመት በፊት ከሆነ የገቢ ታክሱ ከ20 በመቶ ቅጣት ጋር ይመጣብሃል። ከዚያ በኋላ ታክሱ ብቻ ይቀራል። አቅም ያለው የሚያደርገው መላ አለ። ሐኪሙን ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ያስቀምጣል፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ያህል ያለ ታክስ ያወጣል። ወጪው ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ የወጣ ይሁን እንጂ የጊዜ ገደብ የለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁላችንም እንክፈት?
መልስ፦ አይ። በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ይሄን ሂሳብ ለማግኘት ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው፣ ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 መሆን አለበት። በየወሩ ውድ መድኃኒት የሚገዛ ወይም ልጅ የሚጠብቅ ቤት መጀመሪያ ያንን ያስላ። ለታክስ ተብሎ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈራ ኢንሹራንስ አይገዛም።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ማስገባት ይቻላል?
መልስ፦ የ2026ቱን እስከ ኤፕሪል 15፣ 2027። ታክስ ስትሞሉ የኤችኤስኤው ቅጽ 8889 አይቅር።