ሰጎኗና ቀዩ አምፖል፦ ኮምፒውተር ሐሳቡን ስለመቀየሩ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ተሻሪ ድምዳሜ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሒሳብ ላይ አንዴ የተረጋገጠ ነገር አዲስ ወሬ ስለመጣ አይፈርስም። ኑሮ እንደዚያ አይደለም። ወፍ ገዛሁ ብዬ ብነግራችሁ «ይበራል» ትላላችሁ። ሰጎን ናት ስላችሁ ትተዉታላችሁ። ቀድሞም አልተሳሳታችሁም፤ በያዛችሁት መረጃ ልክ ነበራችሁ። አዲስ መረጃ ሲመጣ የሚተው እንዲህ ያለ ድምዳሜ ነው ተሻሪ የሚባለው። (የዘርፉ መጻሕፍት ምሳሌ ሲሰጡ ፔንግዊን ነው የሚሉት። ለእኛ ሰጎን ትቀርባለች።)

ጥያቄ፦ የማይበሩትን ሁሉ ዘርዝሮ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስገባት አይቀልም?

አያልቅማ! ክንፉ የተሰበረ፣ ገና የተፈለፈለ፣ የታሰረ፣ የሞተ... የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሬይመንድ ራይተር እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበው ሕግ ዝርዝሩን አይፈልግም። ወፍ ከሆነና መብረሩ ከምናውቀው ጋር ካልተጋጨ፣ ይበራል በል። በቃ።

ጥያቄ፦ ክርክር የሚባለው የቱ ጋ ነው የሚገባው?

የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ፈላስፋው ጆን ፖሎክ ሁለት ዓይነት ማፍረሻ ለየ። ግድግዳው ቀይ ይመስላል፤ ስለዚህ ቀይ ነው አልኩ እንበል። አንዱ «ነጭ ነው፣ ራሴ ነኝ የቀባሁት» ይለኛል። ይህ ድምዳሜዬን ፊት ለፊት መቃወም ነው። ሌላዋ «የበራው እኮ ቀይ አምፖል ነው» ትላለች። እሷ ነጭ ነው አላለችም። ግድግዳው እውነትም ቀይ ሊሆን ይችላል። የቆረጠችው ከማየቴ ወደ ድምዳሜዬ የሚወስደውን መንገድ ነው። ብዙ የቤት ጭቅጭቅ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱን ስለምናምታታ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ማን እንደረታ በምን ያውቃል?

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፋን ሚን ዱንግ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ የክርክሩን ይዘት ጭራሽ ተወው። እያንዳንዱ ክርክር ነጥብ ነው፣ ጥቃቱ ቀስት። ማንም ያልነካው ይቆማል። እሱ የወጋው ይወድቃል። አጥቂዎቹ በሙሉ የወደቁለት ደግሞ ይነሳል። ለውጥ እስኪጠፋ ይቀጥላል። ወደ አምፖሉ እንመለስ። «አምፖሉን ትናንት በነጭ ቀይረነዋል» የሚል ቢመጣና መልስ ቢያጣ፣ የሴትየዋ ክርክር ይወድቃል። ቀቢው ባይኖር ኖሮ የእኔው ነፍስ ይዘራ ነበር።

ጥያቄ፦ ሁለቱ እርስ በርስ ቢዋጉስ?

የታወቀው ምሳሌ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነው። ኩዌከር ነው (ጦርነትን በመቃወም የሚታወቅ የክርስትና ቡድን አባል)፤ ስለዚህ ሰላም ወዳድ። ሪፐብሊካን ነው፤ ስለዚህ አይደለም። ጠንቃቃው ስሌት ዝም ይላል። ደፋሩ ሁለቱንም አቋሞች ለየብቻ ያቀርባል። ለሕክምና ከሆነ እኔ ዝምተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ቻትቦት እያለ ይሄ ምን ይሠራል?

ቻትቦትም ሰጎን ስትሉት ያርማል። ግን የቱ ክርክር የቱን እንደጣለ ቀስት በቀስት አስቀምጦ አይሠራም። የዱንግ ዘዴ ይሠራል። ጣጣው ቀስቶቹን ማን ይሥላቸው ነው።