ከየትኛው ወጪ ልቀንስ?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ከአምና ጀምሮ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ተብሎ በሳምንት አንዴ 10 ሚሊግራም ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። መድኃኒቱ፣ የደም ምርመራው፣ የዓይን ክፍሉና የመኪናው ሂሳብ ተደማምረው ከገቢያችን በላይ ሆኑብን። ዓይኗን አያማትም፤ ያንን ባስቀረውስ?
እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህታችን፣ የዓይኑን ምርመራ አደራ እንዳያስቀሩት። ይህ ሕመም ዓይን ውስጥ የሚያስከትለው ብግነት ብዙ ጊዜ አያምም፣ ዓይንም አያቀላም፤ ልጅቷ ምንም ሳትል እይታዋ ይጎዳል። ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ ካልታየ አይታወቅም። ሕመሙ የጀመራት ከ7 ዓመቷ በፊት ከሆነና በደሟ ውስጥ ኤኤንኤ የሚባለው (የራስን ሰውነት የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል) ከተገኘ፣ ማለትም ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት በየ3 ወሩ መታየት አለባት።

የሚቀነሰው ከደም ምርመራው ነው። የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ደህና ከሆነና የመድኃኒቱ መጠን ካልተለወጠ፣ ከዚያ በኋላ በየ3 እስከ 4 ወሩ ይበቃል። በየወሩ የሚታዘዝላት ከሆነ ሐኪሟን ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ከዓይን ቀጠሮዋ ጋር በአንድ ቀን እንዲያደርግላችሁም ይንገሩት። መንገዱም ከሥራ የሚቀረውም ቀን በግማሽ ይቀንሳል።

መድኃኒቱን ለ12 ሳምንት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ ባለ 2.5 ሚሊግራሙ በሳምንት 4፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ ነው። ፋርማሲው ባለ 10 ሚሊግራም ከሰጠዎ ግን የሳምንቱ 1 ፍሬ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ማሸጊያውን ያንብቡ። በስህተት በየቀኑ ከተሰጣት መቅኔዋን ይጎዳል፣ ለሞትም ያደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜን ይምረጡና ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። ከሜቶትሬክሴት ጋር የሚታዘዘውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ አይዝለሉ። ርካሽ ነው፤ ያለ እሱ አፏ ቆስሎ፣ አቅለሽልሿት መድኃኒቱን እምቢ ስትል የከፈሉበት ሁሉ ይባክናል።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ርካሽ ነውና ያለ ማዘዣ ገዝቶ መስጠት ያጓጓል። እብጠቱ በቶሎ ይወርዳል፣ ግን ሲቆይ እድገቷን ይገታል፣ አጥንቷን ያሳሳል፣ ለዓይን ሞራም ይዳርጋል። ያበጠ ጉልበት ወጌሻ ሲያሸው ይበልጥ ይቆጣል፤ ያም ገንዘብ ይቅርብዎ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ሪፈር ከሄዱ ሙሉ ሽፋን አያገኙም። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ «የለም» የሚል ማህተም ማዘዣው ላይ ያስመቱ፣ ዋናውን ደረሰኝ ያስቀምጡና ይመለስልኝ እንደሆነ የወረዳውን የመድህን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የመኪናው ወጪ ግን ከራስዎ ነው፤ ቀጠሮዎቹን በአንድ ቀን ማሰባሰቡ የሚረዳዎ ለዚህም ነው።