የስኮትላንድ ደርክ እሠራለሁ ላልከው ወንድም፦ መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ከዚያ ቅርጹ

ሰላም ወንድሜ። "ለስኮትላንዳዊው አማቼ ደርክ የሚባለውን ጩቤ በእጄ ሠርቼ ልሰጣቸው ነው፤ የጭነት መኪና ባሌስትራና የወይራ ጉቶ አለኝ፤ የእጀታውን ሐረግ መቅረጽ ጀምሬአለሁ፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ?" ብለህ ጠይቀሃል። ቀጥሎ መሮውን አስቀምጥ። ሐረጉ ገና ሁለትና ሦስት መስመር ከሆነ ጉዳት የለውም፣ ይፋቃል። ከዚያ በላይ ከሄደ ሌላ ጉቶ ፈልግ። ምክንያቱን 3ኛው ላይ ታገኘዋለህ። ብረት መቀጥቀጥና መሞረድ እንደምታውቅ ስለገባኝ መሠረታዊውን እዘለዋለሁ።

1. ዘመን ምረጥ። የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ደርክ እጀታው ከአንድ ወጥ እንጨት ይወጣል፤ ሐረጉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው፤ ቁንጮው ላይ ጠፍጣፋ የናስ ወይም የብር ክዳን አለው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኩርንችት አበባ የመሰለ እጀታ፣ በናስ ምስማር ያሸበረቀ፣ ቁንጮው ላይ ኬርንጎርም የሚባለው ጭስማ ድንጋይ የተቀመጠበት ነው። ሁለቱን አትደባልቅ። ድንጋዩን በድሮው እጀታ ላይ ካስቀመጥክ ነገሩን የሚያውቅ ስኮትላንዳዊ ገና ሲያየው ይለየዋል። ለስጦታ የድሮውን እመርጣለሁ፤ ለእጅ ሥራም የሚከብረው እሱ ነው። ሰዎች በካልሲ ውስጥ ከሚሰኩት ትንሿ ስኪያን ዱ ጋርም አታምታታው፤ ደርክ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ረጅም ጩቤ ነው።

2. ብረቱ። ብዙ የድሮ ደርኮች ስለታቸው ከተሰበረ ወይም ካጠረ ጎራዴ የተወሰደ ነበር፤ ስለዚህ ባሌስትራ መጠቀምህ ከባህሉ አያስወጣህም። ግን ብዙ ዓመት ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፤ ስንጥቁም የሚገለጠው ዘይት ውስጥ ስትነክረው፣ ልፋትህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መኪና ላይ ያልተገጠመ አዲስ የባሌስትራ ቅጠል ግዛ። ከጫፉ ቁራጭ ቆርጠህ ፈትሸው፦ አግለህ ዘይት ውስጥ ንከር፣ ሞርሳ ላይ አስረህ ስበር፣ ስብራቱን ተመልከት። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ከሆነ ሙቀትህ ልክ ነው። እንደ ስኳር ከጎረበጠ አብዝተህ አግለኸዋል።

ልኩ ይህ ነው፦ ስለቱ ከ30 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከሥሩ 3.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ጀርባው ከሥሩ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ እየሳሳ ይሄዳል። የሚቆርጠው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ጫፉ አካባቢ ጀርባውም ትንሽ ይሳላል። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ሲጀምር 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ሲያልቅ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጭራው ከስለቱ የሚገናኝበትን ማዕዘን በክብ ሞረድ አክበው። ቀጥ ያለ ማዕዘን ከተውክ ጩቤው ሲሰበር የሚሰበረው እዚያው ነው።

ከመንከርህ በፊት ለሚቆርጠው ጠርዝ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተውለት፤ ከዚያ ከሳሳ ይሞገዳል። ሁለቱን ጎን እኩል ሞርድ፤ አንዱ ከሳሳ ብረቱ ይጎብጣል። ዘይቱ የምግብ ዘይት ይሁን፣ እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ አሙቀው፣ ዕቃው ስለቱን ቁመቱን ሙሉ የሚያስገባ ጥልቅ ቱቦ ይሁን። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ መርዝ ነው፣ ተወው። ብረቱ ማግኔት መያዝ ሲያቆም 770 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ባሌስትራ ግን ወደ 830 ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀለሙ ትንሽ እስኪፈካ ቆይና በጫፉ አቁመህ አስገባ። በጎን አታስገባው። ሞረድ ሲንሸራተትበት ጠንክሯል ማለት ነው። ሳትውል ሳታድር፣ በዚያው ሰዓት፣ በ200 እና በ220 ዲግሪ መካከል ሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዘህ ደግሞ ሁለት ሰዓት በኦቨን መልሰህ አሙቀው። የእንጀራ ምጣድ ላይ የሚሞክሩ አሉ፤ ምጣድ ከታች ብቻ ስለሚያሞቅ አንዱ ፊት ሲለሰልስ ሌላው እንደ መስታወት ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ስለቱን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ጭራውን ብቻ በእሳት ሰማያዊ እስኪሆን አለስልሰው፤ አለበለዚያ ጫፉን ቀጥቅጠህ ስታስር ይሰነጠቃል።

3. እጀታው። የሚያስከፍለው ስህተት እዚህ ነው፤ በጣም ብዙ ሰው ይሠራዋል፣ አንተም ጀምረኸዋል። ሐረጉ ያምራል፣ እጅ ያሳክካል፣ ሰው ጉቶውን አድቦልቡሎ ቅርጹን ቀድሞ ይጨርስና በመጨረሻ ይበሳዋል። ክብ ነገር ሞርሳ ላይ ቀጥ ብሎ አይያዝም። መብሻው የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሸሻል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ስለቱ ጫፉ ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጣመማል። ቀዳዳውን ለማቃናት ስታሰፋው ጭራው ይላወሳል፣ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ብትሞላበትም ክዳኑ ከመሃል ይወጣል። የስንት ቀን ቅርጽ ለማገዶ ይሆናል።

ስለዚህ ጉቶውን አራት ማዕዘን፣ 6 በ6 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ጀምር፤ አራቱም ጎኖች በማዕዘን መለኪያ የተረጋገጡ ይሁኑ። በሁለቱም ጫፍ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር አስምረህ መሃሉን አግኝ። በቋሚ ትራፓኖ ከስለቱ በኩል በ8 ሚሊ ሜትር እስከ ግማሽ፣ ገልብጠህ ከቁንጮው በኩል በ6 ሚሊ ሜትር ብሳና መሃል ላይ አገናኛቸው። የጭራውን ቅርጽ የምታወጣው ከብረት መጋዝ ምላጭ በሠራኸው ጠባብ ሞረድ ነው። ጭራውን አግሎ በማቃጠል ማስገባት ይቀላል የሚሉህን አትስማ፤ ወይራም ዞጲም በሙቀት ይሰነጠቃሉ፣ ያለሰለስከውና ያጠነከርከው ብረትም ይበላሻል። ጭራው ሲገባ ማስመሪያ በስለቱ ጀርባ ላይ አስደግፈህ ከጉቶው መሃል መስመር ጋር አስተያየው። ልክ ሲሆን ብቻ ጉቶውን በመጋዝ ወደ ቅርጹ አምጣው።

ደርክ መስቀለኛ ጠባቂ የለውም። በስለቱ በኩል እጀታው ሁለት ትከሻ አውጥቶ ስለቱን ከግራና ከቀኝ ያቅፋል። እነዚህ ትከሻዎች 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረዱ። የሚሰበሩት ከውጭ በሚደርስባቸው ምት ብቻ አይደለም፤ ጭራው ሥሩ ላይ ሰፍቶ እንደ ሽብልቅ ሲገባ እንጨቱን በጅማቱ ይፈለቅቀዋል። በጎንና በጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውና ኢፖክሲ ይሙላው።

ወይራህ መድረቁን በሚዛን እወቅ፦ በየሳምንቱ መዝነው፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ጠብቅ፤ ጫፎቹን በሰም ለብጥ። ስኮትላንዶች ቦግ ኦክ የሚሉት ረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት የቆየ ጥቁር የባሉጥ እንጨት ነው፤ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት በዚያ ስም የሚሸጡ አሉና ከሩቅ አትዘዝ። ጥቁር ከፈለግክ ዞጲ አለልህ፤ ስኮትላንዶች ዛሬ ባግፓይፕ የሚባለውን የከረጢት ዋሽንታቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ዘር ነው። ያልተሠራ የዞጲ ጉቶ ግን ድንበር አታሻግር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የዘሩ ዛፎች በሙሉ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ስለተመዘገቡ ያለ ፈቃድ ከተገኘ ይወረሳል። ያለቀ ዕቃ ውስጥ ያለው እንጨት ከ10 ኪሎ በታች ከሆነ ከዚህ ነፃ ነው።

አሁን መሮህን አንሣ። በመያዣው ዙሪያ የወረቀት ጥብጣብ ጠቅልል፣ ዙሪያውን ለካ፣ 6 እኩል ቦታ ክፈል። መያዣው መሃሉ ያበጠ ስለሆነ ጠባቡም ሰፊውም ቦታ ላይ ለየብቻ 6 ክፈል፤ ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ ሐረጉ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም። ነጥቦቹን በሰያፍ አገናኝ፤ የሐረጉ ክር ስፋት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። በእያንዳንዱ መገናኛ የትኛው ክር ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ሳትቆርጥ በእርሳስ ምልክት አድርግ። አንዱ መገናኛ ከተሳሳተ ተከታዮቹ በሙሉ ይሳሳታሉ። መጀመሪያ የክሩን ጠርዝ በቢላ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ከዚያ በመሃሉ ያለውን ሜዳ 1.5 ሚሊ ሜትር አውርድ። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መርጠህ ትናንሽ የናስ ምስማር የምታስገባ ከሆነ ቀድመህ ብሳ፤ ደረቅ ወይራ በመዶሻ ብቻ ይፈነጠራል።

የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግመህ ቀባው። የቀባህበትን ጨርቅ ዘርግተህ አድርቀው፤ ተጠቅልሎ ከቀረ በራሱ እሳት ያነሣል። ክዳኑ 2 ሚሊ ሜትር ናስ ይሁን፣ ከላዩ የሚተርፈው ጭራ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ፤ ከዚያ ከረዘመ ሲመታ ይታጠፋል። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ዙሪያውን ቀጥቅጠው።

ሰገባው 3 ሚሊ ሜትር ቆዳ ነው፤ በዛፍ ቅርፊት የተለፋ ይሁን፤ በክሮም የተለፋው ርሶ ቅርጽ አይዝም። ስለቱን በፕላስቲክ ጠቅልለህ እርጥቡን ቆዳ በላዩ አስይዝ፣ ስፌቱ በጀርባ ይዋል፣ አፉና ጫፉ ናስ ይልበሱ። ከፊት ለትንሽ ቢላና ሹካ ኪስ ይሠራል፤ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ይህ አላቸው። ጩቤውን ሰገባ ውስጥ የምታስገባው ቆዳው ፈጽሞ ሲደርቅ ነው።

ጉቶውን ከበሳህ በኋላ፣ ሳትቀርጸው፣ ጭራው ገብቶ ማስመሪያው በጀርባው ላይ ሆኖ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። መስመሩን አይቼ ቀጥል ወይም አትቀጥል እልሃለሁ።